በትኩሳት ለምትንቀጠቀጠው ሕፃን እናት፦ ካርባማዜፒኑ ከመጨመሩ በፊት

እህቴ፣ «የ9 ወር ልጄን ትኩሳት በያዛት ቁጥር ከግማሽ ሰዓት በላይ ያንቀጠቅጣታል፤ የአንጎል ምስሉም (ኤምአርአይ) የአንጎል ሞገድ ምርመራውም (ኢኢጂ) ንጹሕ ነው ተባልን፤ ካርባማዜፒን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ብሶባታል፤ አሁን ደግሞ ይጨመርላት እያሉን ነው» ብለሽ የጻፍሽው የእኔው ልጅ ታሪክ ነው። አንቺ ቨርጂኒያ፣ እኔ ሜሪላንድ፤ ጣጣው አንድ ነው።

1. መጠኑ ሳይጨመር ሐኪሟን «ድራቬ ሲንድሮም ቢሆንስ?» በያቸው። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪባት፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቆምም ይጥላል። ድራቬ በመጀመሪያው ዓመት በትኩሳት፣ አንዳንዴም በሙቅ ውሃ ገላ ሲታጠቡ የሚነሳ የሚጥል በሽታ ነው። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ኤስሲኤን1ኤ የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል፤ ይህ የታወቀው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው።

2. ካርባማዜፒን ለምን ያብሳል? የነርቭ ሕዋስ ሲያርፍ ውስጡ ኔጌቲቭ 70 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ወደ ኔጌቲቭ 55 ሲጠጋ የሶዲየም ቻናሎቹ (ሶዲየም የሚያስገቡት በሮች፤ ኤስሲኤን1ኤ የአንዱ ዓይነት በር ጂን ነው) ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይጎርፋል፣ ምልክቱ ይተላለፋል፤ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ውስጥ መልሰው ይዘጋሉ። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን የሚባሉት መድኃኒቶች ቻናሎቹን እንደተዘጉ ያቆዩአቸዋል። ለብዙ ሕመምተኛ መልካም ነው። ድራቬ ያለበት ልጅ ቻናል የሚያጥረው ግን በተለይ ሌሎቹን ዝም በሚያሰኙት ሕዋሳት ላይ ነው፤ የአንጎል ፍሬን በያቸው። በግማሽ ጉልበት የሚሠራውን ፍሬን መድኃኒቱ ጭራሽ ያላላዋል። ይህን ያስረዳኝ ሐኪም እንዳይመስልሽ፤ ሌሊት ሌሊት አንብቤ ነው (ሥራዬ ሂሳብ ነው)።

3. የጂን ምርመራው። ኧረ ተዪኝ! ኢንሹራንሱ «ለሕክምናዋ አያስፈልግም» የሚል ደብዳቤ ላከልን። ስደውል ያነሳችው ሴት የልጄን ስም አጥርታ ሳትጠራ «ኤምአርአዩ ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?» አትለኝም! ዘመድ በበኩሉ «ከማን ወገን የመጣ ነው?» ይላል። በአብዛኛው ከማንም አይደለም፤ በልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠር ለውጥ ነው። የእኔም የእናቷም ምርመራ ነጻ ነበር፤ አፋቸውን የያዙት ያኔ ነው።

ይግባኙን ያስረታን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐኪሙን «ውጤቱ የምንሰጣትን መድኃኒት ይለውጣል» ብለህ ጻፍ አልኩት። «ምክንያቱን ለማወቅ» ብቻ ካለ ይጥሉታል። ተፈቀደ፣ ጥርጣሬዬም ልክ ሆኖ ተገኘ። «እንኳን ጠረጠርክ» የሚል ሰው ግን አልነበረም። ካርባማዜፒኑን ቀስ በቀስ አውጥተው በቫልፕሮኤትና በክሎባዛም ተኩላት። ድናለች አልልሽም፤ ያ ረጅሙ መንቀጥቀጥ ግን ቀንሶ ትምህርት ቤት ገብታለች። ለቤት የሚሆን፣ በአፍንጫ የሚነፋ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ የመንቀጥቀጥ ማስቆሚያ መድኃኒትም ዛሬውኑ አጽፊ፤ መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ 911 ደውዪ።

የይግባኙን ደብዳቤ በውስጥ መስመር ጠይቂኝ፣ ስሟን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።