ወረቀቱን አስቀምጪና ቅሬ ውጪ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ኮምቦልቻ ከተመለስሁ ስምንት ወሬ ነው። የሰፈራችን ቦኖ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። አቤቱታ ጽፌ ቤት ለቤት ብዞር የፈረመልኝ ሰባት ሰው ብቻ ነው። አንድ እናትማ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉብኝ። ሰው ለገዛ ውሃው እንዴት እንዲህ ይቀዘቅዛል?

መልስ፦ ልጄ፣ የእኒያን እናት ጥያቄ እንደ ስድብ አትቁጠሪው። ለቅሶ ላይ አይቼሽ አላውቅም ማለታቸው ነው። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ መዋጮ በእናትሽ ስም ይከፈል ይሆናል፤ ሥራው ላይ ግን የለሽበትም።

እኔ ደሴ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ወንዶቹ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መቃብር ሊቆፍሩ ወጡ። እኛ ንፍሮ ልንጥድ ብንል ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ፤ ቧንቧው ከደረቀ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ልጆቹ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ከምንጭ ቀድተው ቢያመጡልን ዝናብ አደፍርሶታል። በነጠላዬ አጠለልነው። ነጠላው ላይ የቀረውን ጭቃ አንዲት ዱበርቲ (ዱዓ የሚያደርጉ ትልቅ እናት) አዩና «አትጠቢው፣ እንዲህ እንዳለ ይታይ» አሉ። በሠልስቱ ማግስት አርባ ሴት ሆነን ነጠላውን ይዘን ቢሮ ገባን። ፊርማ የጠየቀን የለም። ውሃው በአራተኛው ቀን መጣ (ነጠላው ግን እስከ ዛሬ አልጠራም)።

በነሐሴ 2013 ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ሲገባ፣ ትምህርት ቤቶቹም ሲሞሉ፣ በእኛ ሰፈር ስብሰባ የጠራ አልነበረም። የቅሬው ድስት አለ፣ ድንኳኑ አለ፤ ማን ቤት ምጣድ እንዳለ እናውቃለን። ጋገርን።

ቅሬን ግን አላጋንንልሽም። ዳኞቹ፣ ማለት መሪዎቹ፣ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣት ሴት አፏን ስትከፍት ጉሮሯቸውን መጠራረግ ይቀናቸዋል። ገንዘቡንም ለቀብር ካልሆነ አያስነኩም። ስለዚህ ብር አትጠይቂያቸው፤ ሰው ጠይቂያቸው።

ጥሩንባ ሲነፋ ጀሪካንሽን ይዘሽ ውጪ። ሽንኩርት ክተፊ፣ ስኒ እጠቢ። ስለ ቦኖው አንቺ ሳታነሺው እዚያው ምድጃው ዳር ይነሳል፤ ያኔ «የጻፍሁት ነገር አለ» በይ። ወረቀቱን ለቅሬው ዳኛ ስጪና በስብሰባው ራሳቸው ያንብቡት።

እኒያን እናት ደግሞ ስታገኚያቸው የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ሳትመልሺላቸው ነው የሄድሽው።