ኮሮና ሄደ፣ እማዬ ግን ከቤት አልወጣ አለች

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ሄርማታ ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ከቤት እንዳትወጣ የከለከልናት እኛው ልጆቿ ነን። ለቅሶ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ፣ የጎረቤት ቡና ቀረ። አሁን ሰው ሁሉ ወጥቶ ይገባል፣ እሷ ግን «በሽታው አሁንም አለ» እያለች ሶፋው ላይ ናት። የግፊት መድኃኒቷን አናቋርጥባትም፣ ምግብ አልጎደለባትም። ምን እናድርግ?
ኤም፣ ከጅማ

መልስ፦ ያኔ መከልከላችሁ ልክ ነበር። በሽታው የሚበረታው በዕድሜ በገፉትና ግፊት ወይም ስኳር ባለባቸው ላይ ነው። ክትባቱ በመጋቢት 2013 አገር ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ግን ክልከላውን ማላላት ነበረባችሁ። ብዙ ቤት እንዲህ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሰውን የኑሮ ጥራት ሲለካ ስለ አካሉ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ስለ ስሜቱ፣ ከሰው ጋር ስላለው ግንኙነትና ስለሚኖርበት አካባቢም ይጠይቃል። እናንተ መድኃኒቱንና ምግቡን ይዛችሁ ቀሪውን ረስታችኋል።

አንድ ነገር ልጠርጥር? እናትህ ኮሮናን ሳይሆን መውደቅን ፈርተው ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ የእግር ጡንቻ ይከሳል፣ ሚዛን መጠበቅ ያቅታል፣ በዚያ ላይ የጅማ ዝናብና ጭቃ አለ! «እግሬ ከዳኝ» ከማለት ደግሞ «በሽታው አለ» ማለት ይቀላል። ስለዚህ «ውጪ» እያላችሁ አትጨቅጭቋቸው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደህ ግፊታቸውን፣ ዓይናቸውንና ጆሯቸውን አስመርምር፣ ስለ ክትባትም እዚያው ጠይቅ። ጆሮ ከደከመ ሰው መሃል መቀመጥ ራሱ ሥቃይ ነው።

ከዚያ ቡናውን ወደ እሳቸው አምጡት። ዝናብ በሌለበት ቀን ግቢ ውስጥ ይፈላ፣ ሁለት የድሮ ጎረቤት ብቻ ጋብዙ፤ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ስለሆነ ለሥጋታቸውም መልስ ነው። ሌላ ቀን እነሱ ቤት፣ ከተቻለ ምርኩዝ ይዘው በእግር። ደግሞ ሥራ ስጧቸው እንጂ! ሽንኩርት መክተፍም ይሁን ቡና መልቀም፣ ቤቱ ውስጥ እንግዳ አታድርጓቸው። በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና» ብሎ የሚዘጋ ወንድም ካለህም ይምጣና አብሯቸው ይብላ።

ከከሱ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ነገር መርሳት ካበዙ ወይም የሚወዱትን ሁሉ ከጠሉ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ድብርት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በ72 ዓመትም ይታከማል።