አንደሾን፦ የእንድርያስ ልጅ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስዊድናዊ ነው፤ የቤተሰቡ ስም አንደሾን ይባላል። ትርጉሙ «የአንደሽ ወንድ ልጅ» ነው ብሎኛል። ታዲያ እህቱ ሴት ሆና እንዴት በዚሁ ስም ትጠራለች? ለልጆቻችን የዘር ሐረጉን ልንጽፍ ብለን የ1850ዎቹን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብናገላብጥም አንደሾን የሚባል ቅድመ አያት አጣን። ስህተታችን ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከጎተንበርግ)

መልስ፦ ስህተታችሁ በቤተሰብ ስም መፈለጋችሁ ነው። አንደሽ የእኛው እንድርያስ ነው። «ሶን» ወንድ ልጅ፣ «ዶተር» ሴት ልጅ ማለት ነው። የስዊድን ገበሬ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ እንደኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። የኤሪክ ልጅ አንደሽ፣ አንደሽ ኤሪክሶን ይባላል፤ የእሱ ወንድ ልጅ ዮሃን አንደሾን፣ ሴቷ ደግሞ ካሪን አንደሽዶተር። ካሪን ባል ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። እናም «አንደሾን» የሚነግራችሁ የአንድ ሰው አባት አንደሽ መባሉን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ሌላ ስም አላቸው።

በኋላ ከተሜው የአባቱን ስም ሳይለውጥ ለልጆቹ ማውረስ ጀመረ፤ በ1901 የወጣው የቤተሰብ ስም ደንብም ይህን ልማድ አጠናከረው። ያን ጊዜ ሚስቶችና ሴቶች ልጆችም አብረው «ሶን» ሆኑ። የባለቤትሽ እህት ስም የዚያ ቅሪት ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው ሕግ ግን ከአባትም ከእናትም የመጠሪያ ስም ላይ «ሶን» ወይም «ዶተር» ጨምሮ መጠራት ይቻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍለጋውን በልደት ቀንና በአጥቢያ ያዙት፤ እነዚህ እንደ ስም አይለዋወጡም። የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የመዝገቦቹን ምስል ከ2018 ጀምሮ በነፃ በድረ ገጹ ያሳያል። የተወለደበትን ቀንና አጥቢያ በእርግጠኝነት ከምታውቁት ሰው ተነሡ። የልደት መዝገቡ ወላጆቹንና የመንደሩን ወይም የእርሻውን ስም ይሰጣችኋል። ቀጥሎ ቄሱ ምእመኑን ንባብና ሃይማኖት ይፈትኑበት የነበረውን የቤተሰብ መዝገብ ክፈቱና ያንን መንደር ፈልጉ። እዚያ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አገልጋዮች ከነልደት ቀናቸውና ከነትውልድ ስፍራቸው በአንድ ላይ ተጽፈዋል። የአባትየውን ቀንና አጥቢያ ይዛችሁ ወደ እሱ የልደት መዝገብ ሂዱ፤ አንድ ትውልድ ወጣችሁ ማለት ነው። በአንድ አጥቢያ በርካታ ዮሃን አንደሾኖች ስለሚገኙ የልደት ቀኑ ካልገጠመ ሰውየውን አትቀበሉት።

ብዙ ሰው የሚስተው በወታደሮች ነው። በአንድ ሻምበል ውስጥ አንደሾን ሲበዛ አዛዦቹ አጭር ስም ይሰጧቸው ነበር፦ ራስክ (ፈጣን)፣ ሞዲግ (ደፋር)፣ ስቫርድ (ሰይፍ)። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን ወታደሩ የሚሰፍርባትን ጎጆ ነው። አንዱ ራስክ ሲሄድ ተተኪው ራስክ ይባላል፤ በሁለቱ መካከል የሥጋ ዝምድና ላይኖር ይችላል። የወታደሩ ልጆች ደግሞ አንዱ ራስክ፣ ሌላው አንደሾን ሊባሉ ይችላሉ።

ሲያነቡ አጻጻፉም ያደናግራል። «ዶተር» ብዙ ጊዜ በሁለት ፊደል ብቻ፣ በ«ዲ» እና በ«አር»፣ ይጻፋል። በወር ስም ላይ 8 ቁጥር ከ«ብር» ጋር ተጽፎ ብታገኙ ኦክቶበር ነው፤ በላቲን «ኦክቶ» ስምንት ነውና ኦገስት ብላችሁ አትመዝግቡት።