የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጤና መድን የካንሰር ሕክምናን እስከ ምን ድረስ ይሸፍናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በማክሰኚት ነው። እናቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በባዮፕሲ (ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ) ተረጋግጦ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) እንድትጀምር ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ቤተሰባችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሲሆን የዘንድሮውንም መዋጮ ከፍለናል። ጎረቤቶቻችን ግን «መድኑ ለትልቅ በሽታ አይሠራም፤ በሬውን ሸጣችሁ ተዘጋጁ» እያሉን ነው። መድኑ በእርግጥ ምን ምኑን ይከፍልልናል? እኛስ ምን ያህል ገንዘብ ይዘን እንቅረብ?

መልስ፦ በቅድሚያ ለእናትዎ ምሕረቱን እንመኛለን። ጎረቤቶችዎ የሚሉት ያለ ምክንያት የተባለ ባይሆንም ትክክል ግን አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከእናንተ ብዙም የማትርቀው ፎገራም አንዷ ነበረች፤ ዓላማውም ገበሬው ሲታመም ከብቱን ወይም እህሉን ሸጦ እንዳይደኸይ ነው። መድኑ የማይሸፍናቸው ተብለው ከሚታወቁት መካከል ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና ይገኛሉ። ካንሰር ግን ካንሰር በመሆኑ ብቻ ከሽፋኑ አይወጣም። ወረዳችሁ ውል በገባበት ሆስፒታል የሚሰጥ የካርድ፣ የምርመራ፣ የአልጋ፣ የቀዶ ሕክምናና የመድኃኒት አገልግሎት በመርሕ ደረጃ በመድኑ ይስተናገዳል።

በዚህ ረገድ ሥርዓቱ አጥብቆ የሚይዘው የሪፈርን ነገር ነው። አባል ሕክምናውን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ሲሆን ወደ ሆስፒታል የሚሄደውም ሪፈር ተጽፎለት ነው፤ ይህን ደረጃ ዘሎ የሄደ ሰው ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ ከኪሱ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። እናትዎ ምርመራውን የጀመሩት በቀጥታ ሆስፒታል ሄደው ከሆነ፣ ከመጀመሪያው የኬሞ ቀጠሮ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ሪፈሩን ያስተካክሉ። የሪፈሩን ወረቀትና የመድን ደብተሩን ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ቤት አስቀምጡ፤ በየቀጠሮው ሲታጠፍና ሲዘረጋ የተቀደደ ሪፈር በመድን ክፍሉ መስኮት ላይ ብዙ ሰው ያጉላላል።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ሥጋት እንመለስ። የካንሰር ታማሚ ቤተሰብን የሚያራቁተው ብዙውን ጊዜ መድኑ የካደው ወጪ ሳይሆን ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘው ነገር ነው። የታዘዘው የኬሞ መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲያልቅ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፤ የሲቲ ስካን መሣሪያ ሲበላሽ ወይም አንድ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና) ምርመራ በግቢው ውስጥ የማይሠራ ሲሆንም ወደ ግል ተቋም መሄድ ግድ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ፤ ስትገዙም በእናትዎ ስም የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከውጭ የተገዛን መድኃኒት ገንዘብ የሚመልሱ ወይም ከመድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ያላቸው ወረዳዎች ስላሉ፣ የእናንተ ወረዳ መድን ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ያለባችሁ ገንዘቡን ካወጣችሁ በኋላ ሳይሆን አስቀድማችሁ ነው። በኮንትሮባንድ ገብቶ በርካሽ የሚሸጥ መድኃኒት ግን ከመድኑ ጉዳይ በፊት የሕይወት ጉዳይ ነውና አትሞክሩት፤ አንዳንዱ የካንሰር መድኃኒት ከማቀዝቀዣ ከወጣ የሚበላሽ ነው።

ምን ያህል ገንዘብ ይያዝ ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ ወጪው የሚወሰነው በዕጢው ዓይነትና ደረጃ ነውና። ለምሳሌ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ፣ ከኬሞው በኋላ ታሞክሲፈን የተባለ እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ቢያንስ ለ5 ዓመት ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ በአንጻሩ ርካሽ መድኃኒት ነው። ኸርቱ (HER2) የሚባለው ፕሮቲን የበዛበት ዕጢ ከሆነ ደግሞ ትራስቱዙማብ የሚባል በጣም ውድ መርፌ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት ዙር ኬሞ ነው? በየስንት ቀኑ? ከየዙሩ በፊት የትኞቹ ምርመራዎች ይደገማሉ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በወረቀት ያዙ። ለጡት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ኬሞ በየ21 ቀኑ የሚወሰድ ሲሆን ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ የልብ አልትራሳውንድም ይታዘዛል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታሉ መድን ክፍል ብትሄዱ፣ የትኛው በመድን እንደሚያልፍና የትኛው እንደማያልፍ በየመስመሩ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

መድኑ ፈጽሞ የማይነካው ወጪም አለ። የትራንስፖርት፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ የማደሪያ፣ የአስታማሚው ምግብ በእናንተው ላይ ይወድቃል፤ በየ21 ቀኑ ሲደጋገም ደግሞ ቀላል አይደለም። በሬው የግድ የሚሸጥ ከሆነ ለዚህ ይሁን እንጂ ለመድኃኒቱ ተብሎ አስቀድሞ አይሸጥ። እናትዎ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ ተቋም የሚላኩ ከሆነም፣ የወረዳችሁ ውል እዚያ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ይረጋገጥ።

የእድሳትን ጊዜ አትርሱ። በብዙ ቦታ መዋጮው የሚሰበሰበው ምርት በሚገባበት ወቅት በተወሰኑ ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ያ ጊዜ በኬሞው መሐል ካለፈ እናትዎ ያለ ሽፋን ይቀራሉ። መክፈል ካቃታችሁ፣ አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች መዋጯቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ ለቀበሌው አመልክቱ። ሌላው ነገር ጸበል ነው፤ መጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ ነገር ግን ቀጠሮውን ትቶ ለወራት ጸበል ቦታ የቆየ ሰው ሲመለስ በሽታው ደረጃውን ሊቀይር፣ የተከፈለበት ምርመራም ሁሉ እንደገና ሊታዘዝ ይችላል። ሐኪሙን አስፈቅዶ በአንዱና በሌላው የኬሞ ዙር መካከል መጸበል ይቻላል።

ጥያቄ፦ አዘዞ በሚገኝ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ድርጅቱ ከመድን ኩባንያ የገዛልን የሕክምና ዋስትና አለ። ባለቤቴ ለማህፀን በር ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። ምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ የግል ዋስትና እንደየውሉ ይለያያልና የአስተዳደር ክፍሉን የውሉን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ ለሠራተኛ የሚታደለው በራሪ ወረቀት አይበቃም። ውሉ ላይ ባለቤትዎ በስማቸው መመዝገባቸውን፣ በዓመት የሚከፈለው ጣሪያ (ኩባንያው የሚከፍለው ከፍተኛው ገንዘብ) ስንት እንደሆነና ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ይገለል እንደሆነ ያንብቡ። ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ የሚለውም ልዩነት ያመጣል። ኩባንያው ቅድመ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ደብዳቤው ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ሆስፒታሉ እጅ መግባት አለበት፤ በስልክ የተሰጠ ቃል ሒሳብ ክፍሉ አይቀበለውም። የውሉ ዓመት በቅርቡ የሚያልቅ ከሆነም፣ ድርጅቱ ማደሱንና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊታዘዝ የሚችለው ጨረር ወይም ኬሞ በአዲሱ ውል እንደሚቀጥል በጽሑፍ ያስገልጹ።