ኃይል መሸጥ ለመሐንዲስ ያንሳል ወይ?

ከሰባታሚት የጻፍህልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነህ። ስለ ነፋስ ኃይል ስታነብ «ፓወር ማርኬተር» የሚባለውን፣ ማለትም የነፋስ ጣቢያ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ገዢ ፈልጎ፣ ዋጋ ተደራድሮ በውል የሚሸጠውን ባለሙያ ሥራ አግኝተህ ልብህ እዚያ ላይ አርፏል። አባትህ ግን «አምስት ዓመት ምሕንድስና የተማርኸው ሻጭ ለመሆን ነው?» ብለውሃል። አፈ ጮሌ አለመሆንህ ያሰጋሃል፤ እዚህ አገር ቀጣሪ መኖሩንም ትጠራጠራለህ፤ ለውጭ አገር ማስተርስ ሲባል ቤተሰቡ የሚያከራያቸው ክፍሎች ይሸጡ እንደሆነም ጠይቀሃል። የመልሴ ሰፊው ክፍል በአባትህ ንግግር ላይ ያርፋል፤ ይህን አነጋገር ከዚህ ከተማ ወላጆች ስሰማው ስለኖርሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

አባትህን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስተዋል። «ሻጭ» ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው ሱቅ በደረቴ ይመስለኛል። የኃይል ሻጭ ሥራ የሚጀምረው ተርባይኑ ከመተከሉ በፊት ነው፤ ባንክ ለግል የነፋስ ጣቢያ ግንባታ የሚያበድረው፣ የሚመነጨውን ኃይል ለ20 ወይም ለ25 ዓመት በታወቀ ዋጋ የሚገዛ አካል መኖሩን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ውል ሲያይ ነውና። 100 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ጣቢያ በዓመት ከሙሉ አቅሙ በአማካይ 35 በመቶ ቢያመነጭ 306,600 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። በድርድሩ ላይ ሻጩ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ቢለቅ ድርጅቱ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ20 ዓመት ደግሞ ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያጣል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ጻፍና ለአባትህ አሳያቸው፤ የአንድ ሳንቲሙን ነገር ሲያዩ ሥራው የማን እንደሆነ ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ዋጋው ብቻም አይደለም። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አካባቢ በ365 ተርባይኖች 310 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢጠናቀቅም፣ መንግሥት የሚዘረጋው የማስተላለፊያ መስመር እስከ 2018 ዘገየ። ተርባይኖቹ ቆመው ሳለ ሊመነጭ ይችል ለነበረው ኃይል ካሳ የከፈለው የኬንያ ወገን ነው፤ ውሉ የመዘግየቱን ኪሳራ በማን ላይ እንደሚጥል አስቀድሞ ወስኖ ነበርና። ያንን አንቀጽ ተከራክሮ ያስገባ ሰው ከማንኛውም የተርባይን ተካይ ያላነሰ ምሕንድስና ሠርቷል እላለሁ።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ሰሊጥ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የውል ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ሰሊጥ ዋጋው እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ ይቆያል፤ ኤሌክትሪክ ግን በመነጨበት ቅጽበት ካልተወሰደ የለም። ስለዚህ የነፋስ ኃይል ሻጭ ከመጠኑ በተጨማሪ ሰዓቱንና ወቅቱን ይሸጣል። በአገራችን ነፋስ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ ነው፤ በክረምት ነፋሱ ሲዳከም ግድቦቹ ይሞላሉ። ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውኃ ለሆነ አገር የበጋ ነፋስ ከክረምቱ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ለገዢ በአኃዝ ማስረዳት የሚችለው የኤሌክትሪክ መረቡን ጠባይ የሚያውቅ መሐንዲስ እንጂ ጥሩ ተናጋሪ አይደለም። የአንደበትህን ነገር እዚሁ ልዝጋው፦ በዚያ የውል ክፍል የውጭ ገዢዎች ይፈሯቸው የነበሩት ዝምተኞቹ፣ አንቀጹን ከነቁጥሩ የሚያስታውሱት ነበሩ።

ቀጣሪን በተመለከተ ላታልልህ አልፈልግም። የነፋስ ጣቢያዎቻችን፣ 51 ሜጋ ዋት አቅም ያለው አዳማ አንድ፣ 120 ያለው አሸጎዳና 153 ያለው አዳማ ሁለት፣ የተሠሩት በመንግሥቱ ተቋም፣ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥር ነው፤ ባለቤቱም አምራቹም በጅምላ ሻጩም አንድ ነው። በአሜሪካ እንዳለው፣ የራሱ ጣቢያ ሳይኖረው ኃይል ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ድርጅት እዚህ አታገኝም። ሽያጭ ግን አለ። ከዚሁ ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸኽዲ አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ለሱዳን ለመሸጥ የተዘረጋ ነው፤ ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ ድረስ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በ25 ዓመት ውል ለኬንያ ኃይል ያደርሳል። የኃይል ሽያጭ ውል የሚያነቡ ሰዎች የሚፈለጉት በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ በሆነው፣ የአካባቢው አገሮች ኤሌክትሪክ እንዲገበያዩ በሚያስተባብረው በምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት እንዲሁም ለግል አልሚዎች በሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች ነው። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ስያሜውን ብቻ ይዞ የሚጠብቅ ተመራቂ ቤቱ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ነፋስ ባይሆን፣ የላኪ ድርጅት የውል ክፍል ወይም የባንክ የፕሮጀክት ብድር ክፍል ቢሆን አልከፋበትም፤ እንዲያውም ለሁለት ዓመት ውል ስታነብ ብትቆይ ማማ ላይ ወጥተህ ብሎን ከማጥበቅ የተሻለ ወደምትፈልገው ሥራ ያቀርብሃል።

ክፍሎቹ አይሸጡ። ኪራያቸው የታናናሾችህ የትምህርት ወጪ እንደሆነ ራስህ ጽፈሃል፤ ገና ቀጣሪ ላላገኘህበት ሙያ የሌላ ሰው ቋሚ ገቢ አይበላም። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ካገኘህ ሂድ፤ ካላገኘህ እየሠራህ ጠብቅ። እንግሊዝኛህን አጠናክር፤ ውሎቹ የሚጻፉት በእርሱ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ርዕስ አለመምረጥህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ግሎባል ዊንድ አትላስ ከሚባለው የዓለም ነፋስ ካርታ ድረ ገጽ የአዳማን አካባቢ የነፋስ ፍጥነት በነፃ ታገኛለህ፤ የዓለም ባንክ ደግሞ የኃይል ግዢ ውል ናሙናዎችን ለማንም ክፍት አድርጓል። አንድ ናሙና ወስደህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዋጋና በጋና ክረምትን የሚለይ ዋጋ ለአንድ 100 ሜጋ ዋት ጣቢያ የሚያስገቡትን ገቢ በኤክሴል አነጻጽር፤ የመረቡ ተቆጣጣሪ ምርት እንዲቀነስ ሲያዝዝ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅም ለብቻው አሳይ። አማካሪህ ርዕሱ ከምሕንድስና ወጥቷል ካሉህ ሐሳቡን ሳትጥል ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ አማካሪ እንዲመደብልህ በጽሑፍ ጠይቅ።