የደም ማነስ እያለብኝ ሒጃማ ብታገም ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ወገቤንና ትከሻዬን ያመኛል። ጓደኞቼ «ሒጃማ ታገሚ፣ መጥፎው ደም ይወጣልሻል» ይሉኛል። ቤት ለቤት እየዞረች የምትሠራ ሴትም አለች። የደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ብታገም ይጎዳኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊጎዳዎት ይችላል። አሁን ደም የሚፈስበትን ሒጃማ፣ ማለትም በኩባያ ቆዳን ስቦና በምላጭ ጫር አድርጎ ደም የሚያወጣውን፣ አይታገሙ። ኪኒኑ ቀስ እያለ የሚሞላልዎትን ደም መልሶ ማፍሰስ ነው የሚሆነው፤ እዚያው ራስዎን ስተው ሊወድቁም ይችላሉ። ሱና ስለሆነ መታገም ከፈለጉም በደም ምርመራ የሚታየው ሄሞግሎቢንዎ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 12 እስኪሞላ ይጠብቁ። ለሒጃማ የሚመረጡት የጨረቃው ወር 17ኛ፣ 19ኛና 21ኛ ቀን በየወሩ ስለሚመጡ ቢያዘገዩት የሚያመልጥዎት ነገር የለም።

ጓደኞችዎ «መጥፎ ደም» የሚሉት በኩባያው ውስጥ የሚታየውን ጠቆር ያለና እንደ ጉበት የረጋ ደም ነው። ቆዳው ተስቦ ሲቆይ ደሙ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ይታቆራል፣ ኦክስጅኑ ያልቅና ይጠቁራል። ከወጣ በኋላ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢታገምም የሚወጣው ይኸው ነው። ደምን የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው።

በአሠራሩ መጀመሪያ ኩባያው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይለጠፋል። ከተነሣ በኋላ ቆዳው በመድኃኒት ይጠረግና በምላጭ ጫር ጫር ተደርጎ ኩባያው ይመለሳል። ጭረቱ ድመት ከቧጨረችው ማለፍ የለበትም፤ ከጠለቀ ደሙ ቶሎ አይቆምም፣ ጠባሳም ይተዋል። በአገራችን በቀንድ የሚሠራው ዋገምትም መንገዱ ያው ነው።

ስለዚያች ቤት ለቤት ስለምትሠራው ሴት በጣም እሰጋለሁ። ምላጩ አዲስ መሆኑን ሰው ሁሉ ያያል፣ ኩባያውን ግን ማንም አይጠይቅም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል፣ ደም ባይታይም። በሙቅ ውኃና በሳሙና ማለቅለቅ አይበቃም። ሳውዲ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የሒጃማ ክሊኒኮች ስላሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ወደዚያ ይሂዱ። ምላጩም ኩባያውም ፊትዎ ከታሸገበት ይከፈት፤ ካልሆነ ተነሥተው ይውጡ። ከዚህ በፊት በዚህ መልክ ታግመው ከሆነ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የኤችአይቪም ምርመራ ያድርጉ። ከታገሙ 72 ሰዓት ካልሞላ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆስሉ ጠባሳው አብጦ የሚቀር ከሆነ ደም የሚወጣበትን ሒጃማ ጭራሽ ይተዉት። የላይኛው ጀርባና ትከሻ ኬሎይድ (እንዲህ አብጦ የሚቀር ጠባሳ) በብዛት የሚወጣበት ቦታ ነው። ነፍሰ ጡሮችና እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱም አይታገሙ።

ምላጭ የማይነካው ደረቁ ዓይነት ለእርስዎ ይሻላል። ቻይናዎች ባ ጓን ይሉታል። በአልኮል የራሰ ጥጥ ተለኩሶ ወደ ብርጭቆው ለአፍታ ይገባና ይወጣል፤ ብርጭቆው ወዲያው ይለጠፋል፣ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝም ቆዳውን ይስባል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ውኃ ይቋጥራል። ጥጡ ተጨምቆ ካልሆነ አልኮሉ ጀርባ ላይ ይንጠባጠብና ያቃጥላል፤ በእጅ ፓምፕ የሚስበው ይህ አደጋ የለበትም። ክብ ክብ ምልክቱ እስከ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሕመሙን ለጥቂት ቀን ሊያቀልልዎት ይችላል፣ ምክንያቱን ግን አያነሣም።

አይረኑን ከሻይና ከቡና ጋር አይውሰዱ፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑረው፣ በብርቱካን ጭማቂ ቢሆን ይመረጣል። ደምዎ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ይቀጥሉ። የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ደሙን የሚያሳንሰው እሱ ሊሆን ይችላል። የወገቡ ሕመም እግርዎን ካደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ደግሞ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።