ሸክምና ወገብ፦ የምትጠይቁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ቦታ ደህንነት ባለሙያ ነኝ። ወገቤን የተጎዳሁት ግን ከዚያ በፊት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ነው። ስትጠይቁ ዘርዝሩ፦ ምን ታነሳላችሁ? ከየት ወደ የት? በቀን ስንቴ?

ጥያቄ (የመጋዘን ሠራተኛ)፦ ስንት ኪሎ ድረስ ባነሳ አልጎዳም?

መልስ፦ ሁሉም ኪሎውን ይጠይቀኛል። ርቀቱስ? ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው፣ ስንት ኪሎ ድረስ ማንሳት እንደሚመከር የሚያሰላ ቀመር አለ፤ መነሻው፣ ማለትም ትልቁ ቁጥር፣ 23 ኪሎ ነው። እሱም ሁሉ ነገር ሲመች ነው፦ ጥሩ መያዣ፣ አልፎ አልፎ ማንሳት፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ፣ እጅህ ከቁርጭምጭሚትህ ከ25 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ። ያንኑ ዕቃ 50 ሴንቲ ላይ ብትይዘው ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ 11.5 ኪሎ ይሆናል። ዕቃው አልከበደም፣ ራቀ እንጂ። እኔን የጎዳኝም ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ዝቅ ያለ መደብ) ላይ በወዲያኛው ጥግ የነበረ ካርቶን ነው። ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ ሳብኩት። ዞሬ ባነሳው ሦስት እርምጃ ነበር። ዕቃውን ከሰውነታችሁ አታርቁ!

ጥያቄ፦ የወገብ ቀበቶስ?

መልስ፦ ጤነኛ ወገብን ከጉዳት እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። አትመኩበት።

አንድ አባል፦ እኔ ስድስት ዓመት አስሬው ምንም አልሆንኩም።

ሌላ አባል፦ የኛ ልጅ ቀበቶውን ተማምኖ ከአቅሙ በላይ አንስቶ ነው የተኛው። ዋናው ጉልበት አጥፎ ማንሳት ነው።

መልስ፦ እባካችሁ ክርክሩን ተዉት። ጉልበት ብታጥፉም ዕቃው ከራቀ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ወገቤን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መቼ ጀመረህ? ምን አንስተህ? ዘርዝሩ አልኩ እኮ። ግን ብልትህና መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም እግርህ ከዛለ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ነገ አትበል።

ጥያቄ (ነርስ)፦ እኛ የምናነሳው ሕመምተኛ ነው።

መልስ፦ ብቻሽን አታንሺ፣ እህቴ። ማንሻ መሣሪያ ወይም ማንሸራተቻ ጨርቅ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ 20 ኪሎ ኬሻ ማንሳት ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ስንት ይርቃል?

ጥያቄ (የመጋዘን ሠራተኛው)፦ እኔ ለካሁት። የወዲያኛው ረድፍ 60 ሴንቲ ይርቃል። ፓሌቱ ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ መዞር አንችልም።

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! በዚያ ርቀት 10 ኪሎ እንኳ አይፈቀድህም። ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ለአለቃህ ንገረውና ፓሌቱን ከግድግዳው አርቁት፤ ሰው የሚያልፍበት ያህል ይበቃል።